ነጥቡ የማን ነው?

አንዲት ነጥብ ብቻዋን አንድ መስመር ላይ ተቀምጣለች እንበል። ከፊቷ ፊደል የለም፣ ከኋላዋም የለም። ለጻፈው ሰው ምናልባት ቀልድ ናት፣ ምናልባት ዝምታ ናት፣ ምናልባትም ጣቱ አዳልጦት የነካት ቁልፍ ናት። ኢሜይል ለሚያመላልሰው ሰርቨር ግን ትርጉሟ አንድ ብቻ ነው፦ «ደብዳቤው እዚህ ላይ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለእኔ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው»።

ይህ ሕግ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጆን ፖስቴል አርኤፍሲ 821 በሚባለው ሰነድ ኢሜይል ከማሽን ወደ ማሽን እንዴት እንደሚተላለፍ ሲደነግግ፣ የጽሑፉ ማብቂያ ብቻዋን የቆመች ነጥብ እንድትሆን ወሰነ። ኢንተርኔት ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል፤ ነጥቧ ግን አሁንም ሥራ ላይ ናት።

እንዲህ ያሉ ሰነዶችን እንደ ድርሰት የሚያነብ ሰው ብዙ የለም። ያው መመሪያ ናቸው፤ ሲቸግርህ ትከፍታለህ፣ የፈለግከውን አግኝተህ ትዘጋለህ። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ደጋግሜ ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ይታየኛል። እያንዳንዱ የመልእክት ፎርማት ስለ ጸሐፊው የሆነ አመለካከት አለው። የሰው ጽሑፍ የት እንደሚያልቅ ምልክት ማድረግ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል እንጂ፣ ውስጡ ያለው ጥያቄ «ይህ ቃል የማን ነው?» የሚል ነው። ይሄ ጥያቄ ደግሞ አሁን፣ ኢሜይላችንን አንብቦ በእኛ ፈንታ መልስ የሚሰጥ ማሽን በመጣበት ሰዓት፣ ዋጋው ንሯል። ስለዚህ እነዚህን ፎርማቶች አንድ በአንድ ልገመግማቸው ነው።

ጨምሮ ማንሳት፣ ጨምሮ መሄድ

የፖስቴል ሕግ ወዲያው ችግር ይወልዳል። ጸሐፊው ራሱ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ቢጽፍስ? ደብዳቤው መሀል ላይ ይቆረጣል፣ የቀረው ደግሞ እንደ ትእዛዝ ይነበባል። ሰነዱ መፍትሔውን አብሮ አስቀምጧል። ላኪው ሶፍትዌር በነጥብ የሚጀምር መስመር ባገኘ ቁጥር ከፊት አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያስገባል፤ ተቀባዩ ሶፍትዌር ያቺን ትርፍ ነጥብ ያነሳታል። ጸሐፊውም ተቀባዩም ምንም አላዩም።

ይቺን ሕግ እወዳታለሁ። ሰነዱ ለዚህ ክፍል የሰጠው ርዕስ እንደ መስታወት አሳልፎ ማሳየትን የሚያመለክት ቃል ነው። ሐሳቡም ተራ ተጠቃሚ የተከለከለ ነገር መኖሩን አያውቅም፣ ስለዚህ ሸክሙን ማሽኑ ይሸከም የሚል ነው። «ነጥብ ብቻዋን አትጻፉ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር እኮ።

ከዚህ ጋር ኤምቦክስን አወዳድሩት። በድሮዎቹ የዩኒክስ ማሽኖች ላይ ብዙ ኢሜይሎች አንድ ፋይል ውስጥ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። አዲስ ደብዳቤ መጀመሩ የሚታወቀው «ፍሮም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምር መስመር ነው። ችግሩ፣ «ፍሮም» ማለት «ከ» ማለት ነው። ሰው አንቀጹን በ«ከ» ቢጀምር ምን ይገርማል? ፕሮግራሙም እንዲህ ያለ መስመር ሲያጋጥመው ከፊቱ «>» ይለጥፍበታል። እስከዚህ ድረስ ከነጥቧ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል፦ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የለጠፉትን መልሰው አያነሱትም። ላንሳ ቢሉም ጸሐፊው በእጁ የጻፈውን «>» እነሱ ከለጠፉት የሚለዩበት መንገድ የላቸውም። ስለዚህ የአንድ ሰው ዓረፍተ ነገር የማያውቀውን ምልክት ግንባሩ ላይ ተሸክሞ ይቀራል። የድሮ የኢሜይል ማኅደሮችን የከፈተ ሰው ይህን ጠባሳ አይቶታል።

የፖስቴል ሕግ የጨመረውን ያነሳል፤ ኤምቦክስ ጨምሮ ይሄዳል። በአንድ ፊደል ልዩነት አንዱ የሰው ቃል ጠባቂ፣ ሌላው የሰው ቃል አበላሺ ሆነ።

ክልክል የሆነ ስም

ከሁለቱም የባሰው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ከነጭራሹ መከልከል።

ይሄንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አማርኛ ረጅም ስምን በእዝባር ያሳጥራል፦ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሥላሴ፣ ወ/ገብርኤል። ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት እንደምንለው ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ይቺው እዝባር ፎልደርን ከፋይል የምትለይ ምልክት ናት። አንድ ፕሮግራም የደንበኛውን ፎቶ በስሙ ላስቀምጥ ብሎ ገ/ማርያም የሚባል ሰው ሲመጣለት፣ «ገ» የሚባል ፎልደር ውስጥ «ማርያም» የሚባል ፋይል ሊያኖር ይሞክራል። «ገ» የሚባል ፎልደር የለም። ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ከዚያ የሚመጣውን መፍትሔ ኦንላይን ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል፦ «ልዩ ምልክት መጠቀም አይቻልም»።

ለማን ነው ልዩ? ለስሙ ባለቤት እዝባሯ ተራ ነገር ናት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፋት ኖሯል። ልዩ የሆነችው እኛ ፕሮግራመሮች ለራሳችን ሥራ ስለመደብናት ነው። የአየርላንድ ሰዎችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። ኦብራየንን የመሰሉ ስሞች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ከ«ኦ» ቀጥሎ አንዲት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ አለች፤ እሷ ደግሞ በዳታቤዝ ቋንቋ ጽሑፍን የምትዘጋ ምልክት ናት። ገ/ማርያምም ኦብራየንም ያጠፉት ነገር የለም። የፎርማቱ ስንፍና ግን የእነሱ ጥፋት ሆኖ በቀይ ይጻፋል። ስሙን አስተካክል የተባለ ሰው ከመታወቂያው ጋር የማይመሳሰል ስም ይዞ ይወጣል፤ ነገ ሌላ መስኮት ላይ «ስምህ አይገናኝም» ይባላል። ምልክት ምርጫ ሰው ላይ የሚያርፈው እንዲህ ነው።

አንድ ነጥብ፣ ሁለት አንባቢ

ነጥቧን አሞግሻታለሁ፤ አሁን ድክመቷን ልናገር።

በታኅሣሥ 2023 ኤስኢሲ ኮንሰልት የተባለ የደኅንነት ድርጅት ይቺው የ1982ቷ ነጥብ ሐሰተኛ ኢሜይል ለመላክ እንደምታገለግል አሳየ። ነገርዬው እንዲህ ነው። ሕጉ «ብቻዋን መስመር ላይ የቆመች ነጥብ» ሲል መስመር ምን እንደሆነም ደንግጓል፦ መስመር የሚያልቀው በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ተከታትለው ሲመጡ ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች ግን ከሁለቱ አንዷ ብቻ ብትመጣም «ያው መስመር ማለቱ ነው» ብለው ያልፋሉ። አጥቂው ይህን ያውቃል። በደብዳቤው መሀል ጎደሎ የመስመር ማብቂያ ያላት ነጥብ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ሰርቨር «ይቺ ማብቂያ አይደለችም፣ የጽሑፉ አካል ናት» ብሎ ያሳልፋታል። ሁለተኛው «አለቀ» ይላል። ከነጥቧ በኋላ ያለውንም እንደ አዲስ ኢሜይል ይቀበለዋል፤ ላኪው ማን እንደሆነ አጥቂው ራሱ የጻፈበትን ኢሜይል። ይህ ሁለተኛ ደብዳቤ ከታመነ ሰርቨር ስለመጣ ፍተሻውን ሊያልፍ ይችላል። ፖስትፊክስ፣ ሴንድሜይልና ኤግዚም የተባሉት ታዋቂ የኢሜይል ሶፍትዌሮች ማስተካከያ ማውጣት ነበረባቸው።

እዚህ ውስጥ አንድ ምፀት አለ። «ስትልክ ጥንቁቅ፣ ስትቀበል ቸር ሁን» የሚለው የኢንተርኔት ዝነኛ ምክር የመጣው ከራሱ ከፖስቴል ነው። ነጥቧን ለአጥቂ ያጋለጣት ያ ቸርነት ነው። ጎደሎውን መስመር «ይሁን» ብለው የተቀበሉት ሰርቨሮች ምክሩን ተግባራዊ እያደረጉ ነበር።

ድረ ገጾች የሚመላለሱበት ኤችቲቲፒም በዚሁ በሽታ ታሟል። የመልእክቱን ማብቂያ ለመናገር ሁለት መንገድ አለው፦ አንዱ ጠቅላላ ርዝመቱን መናገር፣ ሌላው ቁራጭ በቁራጭ እየላኩ መጨረሻ ላይ «ዜሮ» ማለት። ሁለቱም አንድ ላይ ከመጡ የፊተኛው ሰርቨር አንዱን፣ የኋለኛው ሌላውን ሊያምን ይችላል። ጥቃቱ ከ2005 ጀምሮ ይታወቃል፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኛል።

እንግዲህ ወሰን ምልክቱ ውስጥ የለም። ወሰን ያለው ሁለት አንባቢዎች ምልክቱን እኩል በማንበባቸው ውስጥ ነው። ደግነት እንኳ፣ አንዱ ጋ ብቻ ካለ፣ ስንጥቅ ይከፍታል።

ቆጥሮ መስጠት

አንዳንዶች ከምልክት ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቷቸው መቁጠርን መረጡ። ዳንኤል በርንስታይን በ1997 ያቀረበው ኔትስትሪንግ የሚባል ፎርማት የዚህ ሐሳብ ንጹሕ መልክ ነው። «ሰላም» የሚለውን ቃል መላክ ከፈለጋችሁ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

9:ሰላም,

በቃ ይሄው ነው። መጀመሪያ ብዛቱ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ጽሑፉ፣ መጨረሻ ላይ ኮማ። ተቀባዩ ዘጠኝ ይቆጥራል፣ ጽሑፉ ውስጥ ምን እንዳለ አያየውም። ነጥብም ይሁን እዝባር ወይም «ፍሮም» ግድ የለውም። የተከለከለ ፊደል የለም፣ ተጨምሮ የሚነሳ ምልክት የለም። ለጸሐፊው ከዚህ የበለጠ ክብር የሰጠ ፎርማት አላውቅም፤ አንድም ቃሉን ሳይመረምር ያደርስለታል።

«ሰላም ሦስት ፊደል አይደለም እንዴ? ዘጠኝ ከየት መጣ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ የቆጠራ ችግርም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ የሚይዘው የስልክ አጭር መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ የሚይዘውም ቆጣሪው የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ቢት ስለሆነ ነው። ቴሌግራም ላይ ቦት የሠራችሁ ደግሞ ሌላ ቆጠራ ታውቃላችሁ። ቴሌግራም የትኛው ቃል ደምቆ እንደሚታይ «ከዚህ ጀምሮ፣ ይህን ያህል» ብሎ በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩ ግን በዩቲኤፍ-16 ነው። የአማርኛ ፊደል አንድ ይቆጠራል፣ አብዛኛው ኢሞጂ ሁለት። ፓይተን ደግሞ ያንኑ ኢሞጂ አንድ ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከፊት የሳቅ ኢሞጂ ያለበት ጽሑፍ ላይ ድምቀቱ በአንድ ፊደል ይንሸራተታል። ቁጥር ገለልተኛ ይመስላል እንጂ «ምን ቆጠርክ?» የሚል ስምምነት ከሥሩ አለው። ዞሮ ዞሮ ወደ ሁለቱ አንባቢዎች ተመለስን።

ቁጥር ሊዋሽም ይችላል። በሚያዝያ 2014 የታወቀው ሃርትብሊድ የሚባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ የቆጠራ ውሸት ነበር። አንዱ ማሽን ሌላውን «አለህ ወይ? ይህን ቃል መልስልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉንም ርዝመቱንም ይልካል። አጥቂው አጭር ቃል ልኮ ርዝመቱ 64 ሺህ ባይት ገደማ ነው ይላል። ሰርቨሩ የተባለውን አምኖ ቃሉን፣ ከዚያም አጠገቡ ማስታወሻው ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ፣ የሌሎች ሰዎች የይለፍ ቃልና ምስጢራዊ ቁልፍ ሳይቀር፣ ቆጥሮ ያስረክባል። ቼክ ላይ ገንዘቡን በአኃዝም በፊደልም ጽፈን «ብቻ» የምንልበት ምክንያት አለ። አንድ ቁጥር ራሱን በራሱ አይመሰክርም። በርንስታይን መጨረሻ ላይ ያኖራት ኮማ ለዚህ ነው የምትጠቅመው፦ ቆጥረህ ስትጨርስ ኮማዋን ካላገኘሃት የሆነ ሰው ዋሽቷል።

ቀይ ቀለም

የምወደው መፍትሔ ሌላ ነው። ምልክቱን ከጽሑፉ ጋር አንድ መስመር ላይ አለማስቀመጥ።

የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ቀይ ቀለም ከፊደሉ ምንም አይቀንስም፣ ምንም አይጨምርም። በጥቁር የተጻፈ ማንኛውም ቃል ራሱን ቀይ ማድረግ አይችልም። የአንድምታ ትርጓሜም ይህን ይመስላል፤ ንባቡ በግእዝ ነው፣ ትርጓሜው በአማርኛ። ጥቅሱ የት እንዳበቃ ለመናገር ሌላ ምልክት ባይኖር እንኳ ቋንቋው ራሱ ሲቀየር ይታወቃል።

የዳታቤዝ ሰዎች ከብዙ መከራ በኋላ የደረሱበት ይሄው ነው። ኢንጀክሽን የሚባለው ጥቃት ተጠቃሚው በጻፈው ስም ውስጥ መዝጊያ ምልክት አስገብቶ ቀሪውን ትእዛዝ ማድረግ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ምልክቶቹን እየተከታተለ ሊያመክን ሞከረ፤ ሁልጊዜ አንዷ ታመልጣለች። የሠራው መድኃኒት ትእዛዙን ለብቻ፣ የተጠቃሚውን ቃል ለብቻ መላክ ሆነ። ትእዛዙ «እዚህ ቦታ ስም ይገባል» ይላል፣ ስሙ በሌላ በኩል ይመጣል። ኦብራየን በሰላም ገባ።

«አለ» እስኪባል ድረስ

አሁን ወደ ዛሬው ጭቅጭቅ እንምጣ። ቋንቋ ሞዴሎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች የተጠቃሚ ጽሑፍ በምን ይታጠር በሚለው ይከራከራሉ፦ በሦስት ትእምርተ ጥቅስ፣ በማዕዘን ቅንፍ፣ ወይስ ማንም ሊገምተው በማይችል የዘፈቀደ ፊደል? ሳይመን ዊሊሰን በመስከረም 2022 ችግሩን ከዳታቤዙ ጥቃት ስም ተውሶ «ፕሮምፕት ኢንጀክሽን» ብሎታል። ማሽኑ እንዲያጠቃልለው የተሰጠው ኢሜይል ውስጥ «እስካሁን የተባልከውን ተወውና ይህን አድርግ» የሚል መስመር ይኖራል፤ ማሽኑም ያደርገዋል።

ሞዴል ሠሪዎቹ የድሮውን ትምህርት አልረሱም። ውይይቱን በልዩ ቶክኖች ይከፋፍሉታል፦ ይህ የአልሚው መመሪያ፣ ይህ የተጠቃሚው ቃል፣ እዚህ ላይ አለቀ። በትክክል ከተሠራ ተጠቃሚው እነዚያን ቶክኖች መጻፍ አይችልም፤ የሚመስላቸውን ቢጽፍ እንደ ተራ ፊደል ተሰባብሮ ይገባል። የቀይ ቀለሙ ሐሳብ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልበቃም?

ምክንያቱ አማርኛ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ከበደ እመጣለሁ አለ» እንላለን። የሚመጣው ከበደ ነው፤ ግሡ ግን «እመጣለሁ» ነው፣ በአንደኛ መደብ። ያ «እኔ» የከበደ መሆኑን የሚነግረን መጨረሻ ላይ የመጣው «አለ» ነው። እሱን ሳይሰማ የሄደ ሰው የምመጣው እኔ ተናጋሪው ልመስለው እችላለሁ። ቋንቋችን የሰውን ቃል የሚዘጋው በጫፉ ነው፣ ልክ እንደ ፖስቴል። «ብላ ብላ ሄደች» የሚለውንስ? አንዱ ብላ የመብላት ትእዛዝ ነው፣ ሌላው የማለት። የማን ቃል የት እንዳለቀ የምናውቀው ትርጉሙን ስለምናውቅ ነው። ምልክት ያግዛል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ማስተዋል ነው።

አንድ ደብዳቤ ጮክ ብዬ ሳነብላችሁ «ያለህን ገንዘብ ሁሉ አውጣ» የሚል መስመር ላይ ብደርስ ቦርሳችሁን አትከፍቱም። ትእምርተ ጥቅሱን ስላያችሁት አይደለም፤ ደብዳቤ እያነበብኩ እንደሆነ ስለምታውቁ፣ ጸሐፊው በእናንተ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ስለምታውቁ ነው። ሰርቨር ደግሞ በተቃራኒው ምንም አያስተውልም፤ ነጥቧን ካየ ይቆማል፣ ካላየ አይቆምም። ቋንቋ ሞዴል በሁለቱ መሀል ወድቋል። ወሰኑን ያየዋል፤ «ይህ የኢሜይሉ ጽሑፍ ነው» ብላችሁ ብትጠይቁት በትክክል ይነግራችኋል። ወሰኑ ግን አያስገድደውም። መመሪያውም ደብዳቤውም በአንድ ጅረት ገብተው በአንድ ላይ ይነበባሉ፣ ጠንከር ያለ ድምፅ ያለው ሊያሸንፍ ይችላል። ሥልጠና ይህን ይቀንሰዋል። ግን የተቀነሰ ዕድል የተዘጋ በር አይደለም፤ አጥቂ ደግሞ ሺህ ጊዜ መሞከር አይታክተውም።

ስለዚህ የቅንፍ ምርጫውን ክርክር ጥቅም የለውም አልልም። ጥሩ ቅንፍ ስሕተትን ይቀንሳል፣ እኔም ሥራዬ ላይ እጠቀምበታለሁ። የምቃወመው ቅንፉን እንደ መከላከያ አድርጎ መሸጥን ነው። ነጥቧ፣ ኮማዋና ቀይ ቀለሙ የሚሠሩት አንባቢያቸው ከእነሱ ውጪ ማሰብ ስለማይችል ነው። በቃላት መሸነፍ የሚችል አንባቢን በሥርዓተ ነጥብ ማሰር አይቻልም።

የሚቀረው መንገድ ሥልጣኑን መውሰድ ነው። የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ የሚያነብ ማሽን ገንዘብ የሚልክ፣ ፋይል የሚያጠፋ፣ በሰው ስም የሚፈርም ማሽን መሆን የለበትም። ማንበብ የአንዱ ይሁን፣ የካዝናው ቁልፍ ደግሞ ጽሑፉን ጨርሶ በማያነብ፣ በደረቅ ሕግ ብቻ በሚሠራ በሌላ እጅ ይሁን፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሰው ይጠየቅ። ይህ ምርቱን ያዘገየዋል፣ ማስታወቂያው ላይም አያምርም። ብዙ ኩባንያዎች ሁለቱን ሥራ ለአንድ ማሽን ሰጥተው ቅንፉን ማሳመር የሚመርጡት ለዚህ ይመስለኛል።

ማሽኑ ሲሳሳት ደግሞ ሒሳቡ ወደ ማን እንደሚሄድ ገ/ማርያምን ጠይቁት። «ልዩ ምልክት ተጠቅመሃል» ይባላል።